ቆሜ ነበር

ጥቅምት 9

ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፦

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ፣ ጆሮዎስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ የለም፤ ተመስገን ነው። ለጆሮ ማዳመጫዎ የጠየቁኝን ባትሪ አግኝቻለሁ፤ ሰኞ በፖስታ ይወጣል። በዚህ አገር በጋ ዕረፍቴን ወስጄ መጥቼ አይዎታለሁ ያልኩትም እንዳለ ነው፤ አለቃዬን አስፈቅጃለሁ።

ዛሬ የምጽፍልዎ አንድ ነገር ስላንገበገበኝ ነው። በስልክ ብጮህ እርስዎ «እሺ፣ እሺ» ብለው ስለ ጎረቤት ሰርግ ስለሚመልሱልኝ ወረቀት ይሻላል።

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ሕሙማኖቼን ጭኜ ወደ ኩላሊት እጥበት ክሊኒኩ እየሄድኩ ነበር። አራት ናቸው። ሦስቱ ከኋላ ያንቀላፋሉ። አራተኛው፣ አባባ ልብስ ሰፊው የምላቸው ሽማግሌ፣ ከጎኔ ነው የሚቀመጡት። ሃምሳ ዓመት ጨርቅ ሲለኩ ስለኖሩ ያለ መለካት አይሆንላቸውም፤ «ቁም» የሚል ምልክት ጋ በቆምኩ ቁጥር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ይቆጥሩና «በቃ፣ ሂጂ» ይሉኛል። ከክሊኒኩ ሁለት መንገድ ቀደም ብሎ ያለው መስቀለኛ ላይ ደረስኩ። ቆምኩ። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፣ አለፍኩ። ሃምሳ ሜትር እንኳ ሳልሄድ ከኋላዬ የፖሊስ መኪና መብራት።

ትራፊኩ ወጣት ነው። ጓንቱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ የታረመ። «አልቆሙም» አለኝ። ቆሜያለሁ አልኩት። ቀስ ብያለሁ እንጂ ጎማዬ መሽከርከሩን አላቆመም ብሎ አስረዳኝ፤ እንደ አስተማሪ ነው የሚያስረዳው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የቅጣት ወረቀቱን ጽፎ እስኪሰጠኝ ሕሙማኖቼ ከማሽናቸው አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘገዩ።

በሠላሳ ቀን ውስጥ ከከፈልኩ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እከራከራለሁ ካልኩ ችሎት ነው። እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ፊሽካ የነፉ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ «ፊሽካው» እያለ የሚጠራዎ ሰው ነዎት። ምን ላድርግ?

እጅዎን እስማለሁ።
የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 19፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ሰማዩ ደመናማ

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ እኔ ላሳደግኩሽ፦

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የምትይዥውን መሪ አምላክ ይያዝልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሰዓትና አየር ጠባይ መጻፌ አይግረምሽ፤ ጡረታ ወጣሁ እንጂ እጄ አልወጣም።

ጉዳይሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምክሬ አጭር ነው። ክፈዪ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ችሎት ላይ የትራፊክ ቃልና የሾፌር ቃል እኩል አይመዘንም። ትራፊኩ የሚያተርፈው የለም ተብሎ ይታመናል፤ ሾፌሩ ግን መንጃ ፈቃዱን ለማዳን ይዋሻል ተብሎ ይጠረጠራል። እኔ ሠላሳ ዓመት ስመሰክር የተረታሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የተከሰሰው የዳኛው ጎረቤት ነበር። ስለዚህ ጥርስሽን ነክሰሽ ክፈዪና ወደ ሥራሽ ተመለሺ። ንዴት ያልፋል።

ስትመጪ ውፍረት ያለው ካልሲ ብታመጪልኝ ደስ ይለኛል። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አጎትሽ


ጥቅምት 22

ለእህቴ ልጅ፦

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን ከፊተኛው ደብዳቤ ጋር አብረሽ ካገኘሽው የፊተኛውን ቅደጂው።

አትክፈዪ። ሦስት ቀን ሙሉ እህል በአፌ አልዞረም። ያላጠፋ ሰው አጥፍቻለሁ ብሎ ይፈርም ብዬ መምከር አልነበረብኝም። ለምን ሐሳቤን እንደለወጥኩ አሁን አትጠይቂኝ። አንቺ ቆሜያለሁ ካልሽ ቆመሻል፤ ለእኔ ይህ በቂ ነው። ሂጂና ተከራከሪ። ጥያቄውን እኔ አዘጋጅልሻለሁ። የምስክርነትን ወንበር ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 10

ለማከብርዎ ጋሼ፦

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ደረሱኝ፤ ሠላሳው ቀን ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው። የፊተኛውን አንብቤ ገንዘቡን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። ሁለተኛውን ሳነብ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አለቀስኩ። ከዚህ ሰው አገር ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ሰው «አንቺ ካልሽ ነው» ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ሄጄ እከራከራለሁ ብዬ ፈረምኩ። መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ እርግጠኛ መሆኔን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ፤ አንብቢው አለችኝ። አነበብኩት። ተራ ነገር ነው፣ እሱን ይተዉት።

ከዚያ ወደ መስቀለኛው ተመለስኩ። ጋሼ፣ ትራፊኩ ቆሞበት የነበረው ጥግ ላይ ምን እንዳለ ያውቃሉ? ከቁመቴ የሚበልጥ፣ ጥቅጥቅ ያለ የቁጥቋጦ አጥር። ከዚያ ሆኖ ጎማዬን እንዴት አየ? ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ አምስት ፎቶ አነሳሁ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር።

ለአባባ ልብስ ሰፊውም ነገርኳቸው። ምስክር እሆናለሁ አሉኝ። ለዚሁ ብለው ሱፋቸውን ከቁም ሳጥን አውጥተው፣ ከስተው ስለሰፋቸው በገዛ እጃቸው እያጠበቡት ነው። ልጃቸው ግን ደስ አላላትም፤ አባቴን ታደክሚብኛለሽ ብላኛለች።

ባትሪው ደረሰዎ?

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 24፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ

ለእህቴ ልጅ፦

ሰላምታዬ ከፍ ያለ ነው። ባትሪው ደርሷል፤ ምርቃቴም ይድረስሽ። አሁን የውሻውንም የጎረቤቴንም ድምፅ እሰማለሁ፤ ከሁለቱ ውሻው ይሻላል።

አጥሩ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፎቶውን ከአጥሩ ወዲህ አነሳሁ ብለሻል። እሱ አይበቃም። ዳኛ የሚጠይቀው አንቺ የት እንደቆምሽ ሳይሆን ትራፊኩ የት እንደቆመ ነው። ስለዚህ እሱ ከቆመበት ቦታ፣ በእሱ ዓይን ቁመት ሆነሽ፣ ወደ መቆሚያው መስመር አዙረሽ አንሺ። ርቀቱን በርምጃ ለኪ። መስመሩ፣ ጥጉ፣ አጥሩ የት የት እንደሆነ በወረቀት ንደፊ።

ችሎት ላይ ሌላ ሌላውን ትተሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፤ «ቆመውበት ከነበረው ቦታ የፊት ጎማዬን አይተዋል?» በይው። ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታሽን በቃል አትሙዪው። ሐሰተኛ ከሆነ ዝምታው ውስጥ ያልበዋል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

ማታ ማታ ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ስለዚህ ጉዳይ አስባለሁ። ከመስኮቴ መስቀለኛው ይታየኛል፤ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ቆመ አልቆመም እያልኩ እፈርዳለሁ። ዕድሜዬ ወደ ኋላ የተመለሰ መሰለኝ።

አጎትሽ


ጥር 15

ለማከብርዎ ጋሼ፦

እንደምን ከረሙ? ዝም በማለቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ በማግስቱ ካሜራ ይዤ ሄድኩ። አጥሩ የለም። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ለዚህ አገር ክረምት ብለው ከጉልበቴ በታች አድርገው ቆርጠውታል። ቅጠሉን በከረጢት ሲጭኑ ደረስኩ። አንዱን ሠራተኛ፣ እባክህ ከመቆረጡ በፊት ምን ያህል እንደነበረ ጻፍልኝ ብዬ ለመንኩት። «እኅቴ፣ እኔ አጥር ቆራጭ ነኝ» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። እውነቱን ነው።

ቀጠሮው ታኅሣሥ ነበር፤ ትራፊኩ ፈቃድ ላይ ነው ተብሎ ወደ የካቲት ተዛወረ። እሱ ፈቃድ ሲወጣ ችሎት ይጠብቀዋል። እኔ ለቀጠሮው ብዬ የአንድ ቀን ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ ፊቱን አጠቆረ። ሕሙማን ማመላለስና ክስ አብሮ አይሄድም አለኝ፤ እስኪለይለት ብሎ ከመስመሬ አውጥቶ ቢሮ ውስጥ ስልክ እንዳነሳ አድርጎኛል። ደህና ሥራ ነው፤ ሙቀት አለው።

በበጋው ስለ መምጣቴ አሁን ምንም ማለት አልችልም። በዚህ ወር ለእርስዎ የምልከውን አልላክሁም፤ ታዝበውኝ ይሆናል።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 30

ለማከብርዎ ጋሼ፦

ሰላም ይብዛልዎ። ተረታሁ። እሱን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ እያነበቡ እንዳይጨነቁ።

ክፍሉ ትንሽ ነው። ወለሉ ምንጣፍ ለብሷል፤ እግር አይሰማም። ከእኔ በፊት ስምንት ሰው ተዳኘ፤ ሁሉም እየፈረመ ወጣ። ተራዬ ሲደርስ ትራፊኩ ተነሥቶ ማስታወሻውን አየና ተናገረ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ቀለም። አልተሳሳተም። ጋሼ፣ እንደሚዋሽ ሰው አልነበረም። ጥያቄዎን ጠየቅኩት።

«ቆመውበት ከነበረው ቦታ የፊት ጎማዬን አይተዋል?»

«አይቻለሁ» አለኝ።

ዝም አልኩ፤ እንዳሉኝ። እሱም ዝም አለ። ላብ የሚባል የለም። ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ። የላበኝ እኔ ነኝ። ዳኛዋ ሌላ ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ፎቶዎቹን ሰጠኋት። አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ እነዚህ የሚያሳዩት እኔ የቆምኩበትን እንጂ እሱ የቆመበትን አይደለም አለች። ልክ እርስዎ ያሉትን፣ በእርስዎ ቃል።

ከዚያ አባባ ልብስ ሰፊው ቆሙ። ሱፋቸው አምሮባቸዋል። ሾፌሯ ሁልጊዜ ትቆማለች፣ እኔም እስከ ሦስት እቆጥራለሁ አሉ። ዳኛዋ በትሕትና ነው የጠየቀቻቸው።

«ያን ዕለትስ ቆጥረዋል?»

«እኔ ሁልጊዜ እቆጥራለሁ።»

«ሁልጊዜ አላልኩዎትም፣ አባት። ያን ዕለት።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ይቅርታ ይጠይቃል። «እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር መሰለኝ። ደክሞኝ ነበር» አሉ።

ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀው። ሰዓቱ ከዳኛዋ ራስ በላይ ተሰቅሎ ነበርና አይቻለሁ። ትራፊኩ ሲወጣ በሩን ይዞልኝ አሳለፈኝ።

በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 14

ለእህቴ ልጅ፦

ሰላምታዬን ተቀበዪኝ። ከኅዳር ወዲህ አልጻፍኩልሽም። አልታመምኩም። የምጽፈውን ነገር መጻፍ አቅቶኝ ነው።

ጥቅምት ላይ ክፈዪ ብዬ በሦስተኛው ቀን አትክፈዪ ያልኩሽ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አንቺ ገና ከዚህ ሳትሄጂ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሽ ነው። በዚያ ወር ክስ አነሰ ተብለን ተገምግመን ነበር። ገበያው አጠገብ ባለው መታጠፊያ ላይ አንድ የጭነት መኪና አስቆምኩ፤ አልቆምክም አልኩት። በእኔና በእሱ መካከል አውቶብስ ቆሞ ነበር። ጎማውን አላየሁም። ችሎት ላይ ሾፌሩ ጠየቀኝ፤ «ጎማዬን አይተሃል?» ዝምም አለ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። «አይቻለሁ» አልኩ። ሦስተኛ ጥፋቱ ስለነበር መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ። ያንቺን ጥያቄ ከዚያ ሰው ነው የወሰድኩት።

ያንቺን ፍርድ ካነበብኩ በኋላ ተቀምጬ መዋል አልቻልኩም። ሰውየውን ፈለግኩት። በከተማው መውጫ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ጎሚስታ ሆኖ አገኘሁት፤ ጎማ እያወለቀ ይጠግናል። ሸምግሏል። ማንነቴን ነገርኩት። ያን ዕለት ጎማህን ሳላይ አይቻለሁ ብያለሁ፣ ልትሰድበኝም ልትመታኝም መብትህ ነው አልኩት።

ጎማውን አልለቀቀም። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም። ባትሪዬ ካለቀ ቆይቷል። ድገምልኝ አልኩት። ዙሪያውን ቃኘና፣ የተበሳ ቦታ የሚያመለክትበትን ጠመኔ አንሥቶ ጥቁሩ ጎማ ላይ ጻፈልኝ፤ «አልቆምኩም ነበር»።

ደግሜ አነበብኩት። በዚያ ዕለት እውነትም አልቆመም ነበር። እኔ ሳላይ የማልኩት ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ።

ይኼኔ ሚስቱ ምሳ ይዛ መጣች። በእርጥብ እጁ ጽሑፉን አበሰው። ማን እንደሆንኩ ጠየቀችው መሰለኝ፤ ደንበኛ ነው ሲላት ከከንፈሩ አነበብኩ። ውሃ ልታመጣልን ስትሄድ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ ጮኸብኝ። ሃያ ዓመት ለሚስቱም ለልጆቹም ቆሜ ነበር እያለ ነው ያኖራቸው፤ በግፍ ነው ያጣሁት ብሏቸዋል፤ እነሱም በዚያ ነው የሚያከብሩት። ሁለተኛ እንዳትመጣ አለኝ።

ይቅርታ ሳልጠይቅ ተመለስኩ። ማንን እንደምጠይቅም አላውቅም። ክፈዪ ብዬ በዚያው ብተውሽ ኖሮ ዛሬም ሕሙማንሽን እያመላለስሽ ነበር። የራሴን ዕዳ በአንቺ ልከፍል ፈልጌ ነው።

አጎትሽ


ግንቦት 8

ለማከብርዎ ጋሼ፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ ብዙ ቀን ተቀመጥኩ።

እኔም የደበቅኩት አለ። መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ የሰጠችኝ ወረቀት ተራ ነገር አልነበረም። ተከራክሮ የተረታ ሰው ጥፋቱ ሙሉ ሆኖ ይመዘገብበታል ይላል። ሁለት ሪከርድ ነበረብኝ፤ አንዱ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ በሽተኛ ለማውረድ ክልክል ቦታ የቆምኩበት፣ አንዱ በፍጥነት፤ የፍጥነቱ ይገባኛል። ከሦስተኛው ጋር ሰው የመጫን ፈቃዴ ለአንድ ዓመት ታገደ። ከዚያም በኋላ ድርጅቱ ሦስት ዓመት ንጹሕ ሪከርድ ያለው ሾፌር ነው የሚያስነዳው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የፈረምኩት። ስለዚህ ዕዳው የእርስዎ ብቻ አይደለም።

አባባ ልብስ ሰፊውን አሁን ሌላ ሾፌር ነው የሚያመላልሳቸው። አንድ ቀን ክሊኒኩ በር ላይ አገኘኋቸው፤ ሊያዩኝ አፈሩ። እኔ ደግሞ እሳቸው ማፈራቸው አሳፈረኝ። ሁለታችንም ስለ አየሩ አውርተን ተለያየን።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። የጎሚስታውን ነገር ካነበብኩ ጀምሮ አንድ ሐሳብ ውስጤን ይበላኛል። ያ ሰው ሃያ ዓመት ቆሜ ነበር ሲል ኖረ፤ ሚስቱም አመነችው። እርስዎም እኔን አመኑኝ። አሁንስ? እኔ ቆሜ ነበር ጋሼ። ያምኑኛል?

አዎ ቢሉኝ ይበቃኛል። ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 27

ለእህቴ ልጅ፣ እንደ ልጄ ለማይሽ፦

ሰላም ካንቺ አይራቅ።

ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀደድኩት። በአምስቱም ላይ አዎ ብዬ ነበር። አንቺን እንደ መውደድ የሚቀለኝ ነገር የለም፤ አዎ ማለትም ያን ያህል ቀላል ነበር።

ግን አላየሁም። በዚያ መስቀለኛ ላይ አልነበርኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ጥቅምት ላይ አንቺ ካልሽ ቆመሻል ያልኩሽም ያው ልማዴ ነው። ደግነት ይመስል ነበር። አሁን ያንቺን ጥያቄ ይዤ ከራሴ ጋር ስፋጠጥ፣ የማገኘው መልስ አላውቅም የሚል ብቻ ነው።

የምትዋሺ አይመስለኝም። ቆሜያለሁ ብለሽ ከልብሽ እንደምታምኚ አልጠራጠርም። ትራፊኩም ከልቡ ያምን ነበር፤ አንቺ ራስሽ ጽፈሽልኛል።

ትጠዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ቢሆንም በአንቺ ላይ ልዋሽ አልቻልኩም።

የሚላክ ነገር አልፈልግም። ባትሪም ካልሲም ይቅር። ደብዳቤ ብቻ ላኪልኝ፤ ስድብም ቢሆን።

አጎትሽ


ነሐሴ 22

ለማከብርዎ ጋሼ፦

እንደምን ከረሙ? ክረምቱ ከጉልበትዎ ጋር እንዴት ሆነ? እኔ አለሁ።

ደብዳቤዎ በሰኔ ደርሶኝ ነበር። አንድ ጊዜ አንብቤ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወርኩት። ለሁለት ወር አላነሣሁትም። የሞት ያህል ነው የተሰማኝ፤ ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም። የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ እናምንሻለን ብለውኛል፤ ብለውኝም ሰዓታቸውን አይተዋል። እርስዎ ብቻ ነዎት ያላሉኝ። አሁን ልቀየምዎ ወይስ ላመስግንዎ፣ ገና አልለየሁም።

የቢሮው ሥራም አልዘለቀም። አሁን በዚያው ድርጅት ግቢ ውስጥ መኪና አጥባለሁ። ጠዋት ሾፌሮቹ ከመውጣታቸው በፊት ወንበሮቹን እጠርጋለሁ፣ መስተዋቱን እወለውላለሁ። ከመታጠቢያው እስከ በሩ ድረስ እንድነዳ ይፈቀድልኛል፤ አርባ ርምጃ ይሆናል። በሩ ላይ ቁልፉን አስረክቤ እወርዳለሁ። አባባ ልብስ ሰፊው ሐምሌ ላይ አረፉ። በዚያ ሱፍ ቀበሯቸው አሉ። አልሄድኩም፤ ልጃቸው እንድታየኝ አልፈለግኩም።

የምጽፍልዎ ግን ለሌላ ነው። ትናንት እሑድ ከሰዓት በእግሬ ወደ መስቀለኛው ሄድኩ። ከችሎቱ በኋላ እግሬም ረግጦት አያውቅም። ድሮ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ጎማዬ ሲቆም ይታየኝ ነበር፤ በእግሬ ስር ፍሬኑ ይሰማኝ ነበር። ከእርስዎ ደብዳቤ ወዲህ ግን አንዳንድ ቀን ይቆማል፣ አንዳንድ ቀን ቀስ ብሎ ያልፋል። የትኛው የተፈጸመው፣ የትኛው እኔ የሠራሁት እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። ሰው የመጫን ፈቃዴን ሲያግዱ እንኳ ይህ ቀርቶልኝ ነበር።

ትራፊኩ ከቆመበት ጥግ ቆምኩ። አጥሩ ተመልሶ እስከ ወገቤ አድጓል። የሚመጡትን መኪኖች አየሁ። አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ያልፋል፤ እነሱ ላይ ክርክር የለም። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና መጣች። ቀስ አለች፣ አፍንጫዋ ትንሽ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ሄደች። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ይህን ማየት ሥራዬ ነው። አልቆመችም። ዳኛ ፊት አቅርበው ቢጠይቁኝ፣ አይቻለሁ ብዬ፣ ዓይኔን ሳልሰብር፣ ላቤም ሳይመጣ እምል ነበር።

ስታልፍ ሾፌሯን አየኋት። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ወደ ፊት ብቻ ታያለች። እሷ ደግሞ ቆሜያለሁ ብላ ቤቷ እንደገባች አልጠራጠርም።

የእህትዎ ልጅ